ፍጥነቱን ሳይሆን ሥራውን ጠይቅ፦ ለዛሪማና ለደባርቅ ወጣት

ልጄ፣

ከጓደኞችህ ጋር ስትሰባሰቡ "5ጂ እኛ ዘንድ የሚደርሰው መቼ ነው?" እያላችሁ እንደምትጫወቱ እሰማለሁ። ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። "ሲደርስ ምን ሊሠራልን ነው?" የሚለው ሌላው ግማሽ ይቀረዋል። እኔ ዛሪማ ተወልጄ ዕድሜዬን በሬዲዮና በስልክ መስመር ሥራ የገፋሁ ሰው ነኝ። ካየሁትና ከተማርኩት ተነሥቼ የማስጨብጥህ ዋና ነገር ይህ ነው፦ አዲሱ የሞባይል ኔትወርክ በውስጡ የተለያዩ አገልግሎቶች አሉት፤ ለእኛ ቆላና ደጋ ከሁሉ የሚበጀው ደግሞ ማስታወቂያ ብዙም የማይነገርለት ነው። ምክሬን በተራ አስቀምጬልሃለሁ።

1. ከፍጥነቱ በፊት ሥራውን ጠይቅ።

የሞባይል ኔትወርክ ሁለተኛው ትውልድ ድምፅና አጭር መልእክት ይዞልን መጣ። ሦስተኛው ኢንተርኔትን ኪሳችን ውስጥ አስገባ። አዲስ አበባ ላይ በ2007 ሥራ የጀመረው አራተኛው ትውልድ ቪዲዮን ሳይቆራረጥ አሳየን። እያንዳንዱ ከቀደመው ፈጠነ እየተባለ ስለተነገረን አምስተኛውንም በዚያው ሚዛን መመዘን ለምዶብናል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የአምስተኛውን ትውልድ (የ5ጂን) ራእይ ሲያወጣ ሦስት የአገልግሎት ዓይነቶችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛው ብዙ መረጃ በፍጥነት የሚያስተላልፍ የላቀ ብሮድባንድ ነው። ሁለተኛው መልእክትን እጅግ ባጠረ ጊዜና እጅግ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያደርስ ነው። ሦስተኛው እጅግ ብዙ ትንንሽ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገናኝ ነው።

ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚወጣውን የሊማሊሞን መንገድ አስብ። እህል የጫነ አይሱዙ ሲወጣ የሚፈልገው ሰፊ መንገድ ነው። ወላድ የያዘ አምቡላንስ ሲወጣ የሚፈልገው የሚያግደው እንዳይኖር ነው። በገበያ ቀን ደግሞ የተጫኑ አህዮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዷ የያዘችው ጥቂት ነው፣ ቁጥራቸው ግን መንገዱን ይሞላል። መንገዱ አንድ ሆኖ ፍላጎቱ ሦስት ነው። የ5ጂ መሐንዲሶች ሲጨነቁበት የኖሩትም እነዚህን ሦስቱን በአንድ ኔትወርክ ማስተናገድ ነው። አንተም አንድ ሰው "ኔትወርኩ ደካማ ነው" ሲልህ መጀመሪያ ጠይቀው፦ መንገዱ ጠቦህ ነው፣ ዘግይቶብህ ነው ወይስ ጭራሽ አልደረሰህም?

2. ሰፊውን ብሮድባንድ በልኩ እየው።

ማስታወቂያ የሚጮህለት ይህ የመጀመሪያው አገልግሎት ነው። ኅብረቱ ያስቀመጠው ጣሪያ በሰከንድ 20 ጊጋቢት ነው። ይህ ግን አመቺ በሆነ ሁኔታ የሚለካ ከፍተኛው ልክ ነው፤ ለአንድ ተጠቃሚ ይደርሰዋል ተብሎ የታለመው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አታቀላቅል። ስልክ ሻጭ የመጀመሪያውን ይነግርሃል፤ አንተ የምትኖረው በሁለተኛው ነው።

በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ የጀመረው ግንቦት 1 ቀን 2014 ነው። ከዚያ አዳማ፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ጅግጅጋን፣ ድሬዳዋንና ሐረርን የመሳሰሉ ከተሞች ተከተሉ። በከተማ መጀመሩ ሊያስከፋህ አይገባም፤ ምክንያት አለው። ይህን ያህል መረጃ የሚሸከመው የሬዲዮ ሞገድ ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ ብዙ አንቴና፣ ብዙ ፋይበር፣ ብዙ መብራት ይፈልጋል። ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ ወጪውን ይመልሳል፤ ቤቶች በየገመገሙ ተበታትነው በሚገኙበት በእኛ አገር ግን ይከብዳል።

ይህ ማለት አይጠቅመንም ማለት አይደለም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሆስፒታል አለ፤ ከመላው ዓለም የሚመጣ እንግዳ የሚቀበሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች አሉ። ለእነዚህ በየቤቱ ፋይበር ሳይቆፈር ከአንቴና በቀጥታ ወደ ግቢ የሚገባ ሰፊ ኢንተርኔት ትልቅ ነገር ነው። የኤክስሬይ ምስል ጎንደር ላለ ስፔሻሊስት መላክ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ትምህርቱን በቪዲዮ መከታተል የዚህ አገልግሎት ሥራ ነው። ስለዚህ ስትጠይቅ "ለደባርቅ 5ጂ" አትበል፤ "ለደባርቅ ሆስፒታልና ለትምህርት ቤቶቹ ይህን ያህል ሜጋቢት" በል። ልክ ያለው ጥያቄ ልክ ያለው መልስ ያገኛል።

3. ሚሊ ሰከንድ የሚቆጥረውን አገልግሎት ስታደንቅ ርቀቱን አስላ።

ሁለተኛው አገልግሎት ግቡ ሁለት ነው፦ በአየር ላይ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ መዘግየት፣ ከ100,000 መልእክት 99,999ኙን በተባለው ጊዜ ማድረስ። ይህ የተዘጋጀው ፋብሪካ ውስጥ አብረው ለሚሠሩ ሮቦቶች፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሲበላሽ ወዲያው ለሚቆርጡ መሣሪያዎች፣ ያለ ሹፌር ለሚነዱ ማሽኖች ነው።

"አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ደባርቅ ያለውን በሽተኛ በሮቦት እጅ ቀዶ ያክማል" የሚልህ ሰው ካለ እርሳስና ወረቀት አውጣ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ1 ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከደባርቅ አዲስ አበባ በመንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልስ ከ8 ሚሊ ሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ አለቀ፤ በየመሐሉ ያሉት መሣሪያዎች የሚወስዱት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። 1 ሚሊ ሰከንድ እውነት የሚሆነው ውሳኔ የሚሰጠው ኮምፒውተር እዚያው አጠገብ ሲሆን ነው። የትኛውም ትውልድ ቢመጣ ይህን የተፈጥሮ ሕግ አይሽረውም።

ለእኛ የሚሻለው የዚህ አገልግሎት ሁለተኛ ገጽታ፣ አስተማማኝነቱ ነው። ዛሪማ ላይ አንዲት አዋላጅ ሌሊት አምቡላንስ ስትጠራ ጥሪዋ በ1 ሚሊ ሰከንድ ባይደርስም በ5 ሰከንድ ቢደርስ ይበቃታል። መድረሱ ግን መቶ በመቶ መሆን አለበት። ወላዷ ወደ ደባርቅ ለመውጣት ገና ሊማሊሞ ይጠብቃታል፤ ጥሪው ሳይሰማ የቀረ እንደሆነ የባከነባትን ሰዓት መንገዱ አይመልስላትም። አደራህን፣ የኔትወርክ ጥራት ሲነሣ በዚች አዋላጅ ቦታ ሆነህ ተናገር።

4. ትንንሾቹን መሣሪያዎች አትናቅ።

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው አገልግሎት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን መሣሪያ ለማገናኘት የታሰበ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አያወሩም፣ ቪዲዮ አያሳዩም። የውኃ ከፍታ፣ የዝናብ መጠን፣ የመሬት ዝንባሌ፣ የጎተራ እርጥበት ለክተው ጥቂት ቁጥር ይልካሉ፤ ከዚያ ይተኛሉ። ለዚህ ከተዘጋጁት ቴክኖሎጂዎች አንዱ ኤንቢ-አይኦቲ ይባላል። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን አራተኛው ትውልድ ላይም ይሠራል። ሲነደፍ ሁለት ነገር ታስቦበታል፦ አንድ ባትሪ 10 ዓመት እንዲያገለግል፣ ምልክቱም ተራ ስልክ ከሚደርስበት አልፎ እንዲዘልቅ። ገደል ላለበት አገር የተሠራ ይመስላል።

የዛሪማን ወንዝ ታውቀዋለህ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ታች እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚት አያረጥብም፤ እረኞች ከብት ያጠጣሉ፣ ሴቶች ልብስ ዘርግተዋል። ቀና ብትል የሰሜን ተራሮች ጫፍ ጠቁሯል። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ላይ ድንጋይ የሚያንከባልል ድምፅ ይመጣል። ውኃው ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይደርሳል። ደራሽ ጎርፍ ነው። የሚዘንበው ደጋ፣ የሚሞተው ቆላ።

አሁን አስላ። ከተራራው ሥር በተተከለ አንድ የውኃ መለኪያ በየ10 ደቂቃው 50 ባይት ቢላክ በቀን 7,200 ባይት፣ በዓመት 2.6 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በስልክህ ከምትቀርጸው አጭር ቪዲዮ ያንሳል። ለዚህ 20 ጊጋቢት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከገደሉ ሥር የሚደርስ ቀጭን መስመር፣ የማያልቅ ባትሪ፣ መልእክቱን ተቀብሎ እረኛውን የሚያስጠነቅቅ ሰው ነው። መጨረሻ ያልኩትን ሰው አትርሳው፤ የሚደወልለትና የሚደውል ሰው ካልተመደበ መሣሪያው ብረት ነው።

በዚሁ ዘዴ ብዙ ማሰብ ትችላለህ። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ መሬቱ መንሸራተት ሲጀምር የሚናገር፣ የገጠር የውኃ ፓምፕ ሲቆም ለወረዳው የሚያሳውቅ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ሣር ውስጥ ጭስና ሙቀት የሚያሸት። በ2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ፓርኩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የማይገኘው ዋልያም መኖሪያው ይኸው ነው። እሳትን ገና በጭሱ የሚያውቅ መረብ ለፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች የሚያተርፍላቸው ሰዓት ብዙ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል በዚህ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

5. አንዱ ኔትወርክ ለሦስት እንዴት እንደሚከፈል ተረዳ።

ሙሉ 5ጂ በተዘረጋበት ቦታ አንዱን ኔትወርክ በሶፍትዌር ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ድርሻ መስጠት ይቻላል። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ቪዲዮ ሲልክ የአምቡላንሱ ጥሪና የጎርፉ ማስጠንቀቂያ ድርሻቸው እንደተጠበቀ ያልፋሉ። ይህ ግን በራሱ አይሆንም፤ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። እንግዲህ ውሳኔው የቴክኒክ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የሕዝብ ጉዳይ ነው፤ ልትጠይቅበት ይገባል።

6. ተራራውን እንደ መሐንዲስ እየው።

ደባርቅና ዛሪማ በካርታ ላይ ቅርብ ናቸው፤ በከፍታ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይለያያሉ። የሬዲዮ ሞገድ ድንጋይ አይበሳም። ደባርቅ ላይ የቆመ ታወር ከገደሉ ጥላ ሥር ያለውን መንደር አያየውም። ለዚህ ነው የእኛ ሰው ስልክ ለመደወል ገመገም ላይ የሚወጣው።

ሦስት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ፣ ማለትም 700፣ 800 ወይም 900 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ኮረብታም በመጠኑ ይዞራል፤ 3.5 ጊጋኸርዝ ብዙ ይሸከማል፣ ቶሎ ግን ይደክማል። ለገጠር የመጀመሪያው ይሻላል። ሁለተኛ፣ ታወር ለብቻው አይሠራም፤ ከኋላው ፋይበር ወይም ታወር ለታወር የሚተያይ ማይክሮዌቭ፣ ከሥሩ ደግሞ ጄኔሬተር ወይም ሶላር አለ። ጥሪ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ የታመመው ሬዲዮው ሳይሆን መብራቱ ወይም የኋላ መስመሩ ነው። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ደረጃ ሳተላይት ከ5ጂ ቤተሰብ ተቀላቅሏል፤ ታወር በማይደርስበት ሸለቆ ትንንሾቹ መሣሪያዎች ወደ ሰማይ የሚናገሩበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ይህን በሚገባ አጥና።

7. በእጅህ ያለውን ሳትጨርስ አዲሱን አትጠብቅ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገበሬ በ8028 ደውሎ የእርሻ ምክር በራሱ ቋንቋ በነፃ መስማት ከጀመረ ከ2006 ወዲህ ነው፤ የሚፈልገው ተራ ስልክ ብቻ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ስማርት ስልክ የሌለውም በ*127# እንዲገለገል ተደርጓል። እነዚህ በሁለተኛው ትውልድ መስመር ላይ የሚሄዱ አገልግሎቶች ናቸው፤ የብዙ ሰውን ኑሮ ግን ለውጠዋል።

ከዚህ የምትማረው አገልግሎት ከኔትወርኩ ይልቅ በአሳቢው ብልሃት እንደሚለካ ነው። የዳባትን የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ለአምራቹ በአጭር መልእክት ማድረስ ዛሬ ይቻላል። እናትህ ፊደል ባትቆጥር በድምፅ የሚነግራት አገልግሎት መሥራትም ይቻላል። መጀመሪያ ይህን ሠርተህ አሳይ። በትንሽ መስመር ብዙ የሠራ ሰው ሰፊው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል።

8. መቋረጥን ከመጀመሪያው አስብበት።

የእኛ አገር መስመር የሚቋረጠው በመብራትና በጎርፍ ብቻ አይደለም። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዛሪማን አልፎ ዳባት፣ ጭና ድረስ ሲዘልቅ ሰው የወገኑን ደኅንነት በእግረኛ ነበር የሚሰማው። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት የሚሠራ ነጋዴ፣ ለፈተና የሚመዘገብ ተማሪ፣ ገንዘብ ከውጭ የሚጠብቅ ቤተሰብ ምን እንደሆነ አይተሃል።

ስለዚህ የምትሠራው ማንኛውም ነገር ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ መሞት የለበትም። መረጃው መሣሪያው ላይ ይያዝ፣ መስመር ሲመለስ ይላክ። ኢንተርኔት ባይኖር በአጭር መልእክት፣ እርሱም ባይኖር በሬዲዮ ይሂድ። የጤና ኬላው መዝገብ የወረቀት ቅጂ ይኑረው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። መስመር ይቋረጣል ብሎ የሚነድፍ ባለሙያ ተስፋ የቆረጠ አይምሰልህ፤ ሕዝቡን የሚያከብር ነው።

9. የሚሰበሰበው መረጃ የማን እንደሆነ ጠይቅ።

ትንንሽ መሣሪያዎች ሲበዙ ስለ ሰው የሚያውቁትም ይበዛል። መረጃ መሰብሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ልደትን፣ ሞትንና ስደትን ቤት ለቤት እየተከታተለ ሲመዘግብ ኖሯል። እዚያ ግን ጠያቂው ደጃፍ ቆሞ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው። መሣሪያ ሰላምታ አይሰጥም።

በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አንብበው። አንድ ፕሮጀክት መጥቶ በገበሬው ማሳ መለኪያ ሲተክል፣ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለገበሬው ምን ተመልሶ እንደሚመጣ ጠይቅለት። አባቶችህ ያልፈረሙበትን አንተ በስማቸው አትፈርም።

10. የቀጣዩ ውሳኔ ሲወሰን ተገኝ።

ዓለም ወደ ስድስተኛው ትውልድ ፊቱን አዙሯል። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ማዕቀፍ ሦስቱ አገልግሎቶች ስድስት ሆነዋል፤ ከአዲሶቹ አንዱ ሽፋን ነው። ገጠሩንና የተራራቀውን መንደር መድረስ ራሱን ችሎ እንደ አንድ አገልግሎት ተቆጥሯል። ገመገም ላይ ወጥተን ስንደውል የኖርን ሰዎች በተግባር የምናውቀው ችግር በዓለም ደረጃ ግብ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው። ጊዜው ለእኛ ተከፍቷል፤ የሚቀረው የሚናገርልን ሰው ነው።

በአገር ቤት ደግሞ ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል። የምትጠይቀው ማንን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እንዴት እንደምትጠይቅ ግን ተማር። ሬዲዮ አጥና፤ ኤሌክትሪክ አጥና፤ ፕሮግራም መጻፍ አጥና፤ ከሁሉ ጋር ወንዙንና መንደሩን አጥና። በዚህ ክረምት ከጓደኞችህ ጋር ከደባርቅ እስከ ዛሪማ በየትኛው ጥምዝ፣ በየትኛው ሸለቆ፣ በየትኛው ጤና ኬላ ኔትወርክ እንደሚጠፋ በካርታ ላይ አስፍሩ። ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ከሦስቱ አገልግሎቶች የትኛው እንደሚያስፈልግ ጻፉ፦ ሰፊው፣ አስተማማኙ ወይስ ብዙዎቹን ትንንሾች የሚያገናኘው። በዚያ ካርታ ላይ የዛሪማ ወንዝ የመጀመሪያውን መስመር ይያዝ። ከዚያ ለወረዳው፣ ለድርጅቶቹ፣ ለባለስልጣኑም በስማችሁ አቅርቡት።